ዙህራ ጠፈር እሄዳለሁ ያለች ዕለት

ዕድሜውን መንገድ ላይ የጨረሰ ሰው ነው ራህመቶ። ሰው ሁሉ አዳማን ናዝሬት ብሎ ከሚጠራበት ዘመን ጀምሮ ከዚያ እስከ ሻሸመኔ አውቶቡስ ሲያመላልስ ኖሯል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ሥራው ግቢው ውስጥ፣ ማንጎው ጥላ ስር ወንበሩን ስቦ መቀመጥ ሆኗል። ከአጥሩ ማዶ ባጃጆች ሲንጫጩ ይውላሉ። ማርሽ ያለቦታው የሚቀይር ሾፌር ሲያልፍ ፊቱን ያጨማድዳል።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ምሳ ተበልቶ እንዳበቃ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጁ ሱሃይላ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

«አባባ፣ ለትምህርት ቤት ሥራ ሰው እየጠየቅኩ ነው። እርስዎንም ልቅረጽዎ?»

«ጠይቂ።»

«ሳይንቲስት ያልሆነ ተራ ሰው እንዲሁ እንደ መንገደኛ ጠፈር መሄድ ቢችል፣ እርስዎ ይሄዳሉ?»

ራህመቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኔ? መንገድ በቃኝ ልጄ! እዚያ ላይ ሻይ ቤት የለ፣ ወርዶ እግር ማፍታታት የለ። ደግሞስ ሾፌሩን አውቀዋለሁ?»

ሱሃይላም እየሳቀች ስልኩን ወደ አያቷ አዞረችው። «እማማስ?»

ዙህራ ሰሃን እየሰበሰበች ነበር። ቀና አላለችም።

«እሄዳለሁ» አለች።

ቀልድ መሰላቸው።

«ወላሂ እሄዳለሁ። ዛሬ ቢሉኝ ዛሬ።»

«እኔንስ ለማን ትተሽኝ?» አለ ራህመቶ ሳቁን ሳይጨርስ።

«አንተ ለማን ትተኸኝ ነበር የምትሄደው?»

በቁጣ አልነበረም። የአየሩን ነገር እንደምታወራ ሁሉ በለስላሳ ድምፅ ብላው፣ ሰሃኖቹን ደራርባ ወደ ማድቤት ገባች። ሱሃይላ ስልኩን ቀስ ብላ አነሳችው።

«አባባ፣ ይቺን ልቁረጣት?»

«ተይው» አለ ራህመቶ። «የጠየቅሻትን ነው የመለሰችልሽ።»

ሱሃይላ ከሄደች በኋላ ማንጎው ስር ብቻውን ተቀመጠ። ያ ሁሉ ዘመን ተግተልትሎ መጣበት። ማለዳ ማለዳ አውቶቡሱን ከመናኸሪያ አውጥቶ በሰፈራቸው ጥግ ሲያልፍ ጥሩንባውን ረዘም አድርጎ ይነፋ ነበር። ዙህራ አንዱን ልጅ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ በር ላይ ብቅ ትላለች። መንገዱ ያኔ የፈረስ ጋሪ ነበር የሚበዛበት። ከወደ ለገሃር የባቡሩ ፉጨት ይሰማል። ቆቃን ሲያልፉ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ መቂ ላይ ሴቶቹ ቲማቲማቸውን በጣሳ ይዘው መስኮቱን ይከባሉ፤ ዝዋይ ደግሞ ዓሣ ሻጮቹ ዓሣውን በሰንበሌጥ ሰክተው መንገድ ዳር ያውለበልቡታል። ተሳፋሪው ሲሞቀው ይዘፍናል። እሱ አንድ እጁን መስኮቱ ላይ ጥሎ፣ የዓለም ጌታ መስሎት ይነዳል። ምን ዓይነት ጊዜ ነበር!

ማታ ዓሣውን ይዞ ሲገባ ዙህራ ትጠይቀዋለች። «ሐይቁ ምን ይመስላል?»

«ውሃ ነዋ» ይላታል፣ ደክሞት።

አዲስ ሙሽሮች ሳሉ አንድ ጊዜ ውሰደኝ ብላው፣ እሱም በሚመጣው ሳምንት ብሏት ነበር። ከዚያ የመጀመሪያ ልጃቸው ፈውዚያ ተወለደች፣ ታናናሾቿ ተከተሉ፣ እናቱ አልጋ ላይ ዋሉ፤ የሚመጣው ሳምንት ሳይመጣ ጸጉራቸው ሸበተ። ዙህራ ከለቅሶና ከሠርግ በቀር አገር አይታ አታውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሻይ ይዛለት መጣች።

«እስቲ አሁን» አላት፣ «ጠፈር ብትወጪ ምን ልታዪ ነው?»

«ቤቴን» አለችው። «እኔ ሁልጊዜ ከውስጥ ነው የማየው። አንተ ከመንገድ ስትመለስ ከሩቅ ታየዋለህ። እኔ ምን እንደሚመስል አላውቅም።»

በማግስቱ ራህመቶ ጫማውን ጠርጎ የጎረቤታቸውን የጉደታን ባጃጅ አስመጣ።

«አካም ቡልተኒ ጋሼ! ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«ወደ ላይ፣ ነፋስ ማመንጫዎቹ ጋ።»

«ለቅሶ አለ እንዴ?»

«የለም። ቤታችንን ልናይ ነው።»

ጉደታ አንዴ ቤቱን፣ አንዴ እሱን አየና ሞተሩን አስነሳ።

ባጃጁ አቀበቱ ሲከብደው ወርደው የቀረውን በእግራቸው ወጡት። ራህመቶ ጉልበቱን እያሻሸ ሲቆም ዙህራ ቀድማው ጫፉ ላይ ደርሳ ነበር። ከጭንቅላታቸው በላይ ትልልቆቹ ክንፎች ነፋሱን እየሰነጠቁ ይዞራሉ፤ ሻርፗ ይውለበለባል። ከታች አዳማ ተዘርግታለች፦ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ረጃጅም ጣሪያዎች፣ ፈጣን መንገዱ፣ በየቦታው የበቀሉት ፎቆች። ራህመቶ የሚያውቃትን ናዝሬት በዓይኑ ፈልጎ አጣት።

«ያ ሚናራ ይታይሻል? ከሱ ወደ ግራ ነይ፤ ያ ቀዩ ቆርቆሮ።»

«ኧረ እሱ የጎረቤቶቻችን የነሰንበታ ነው!» አለችው። «የኛ ያቺ ዛፍ ያለባት ናት።»

ሲከራከሩ ቆዩ። እሷ ልክ ነበረች። የዛገች ጣሪያ፣ አጠገቧ ጥቁር አረንጓዴ ነጥብ። ዙህራ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። ራህመቶ ለሐዘን ያመጣት መሰለው።

«አንቺ፣ ምን ሆንሽ?»

«ይቺ ብጣቂ ቤት!» አለች ዙህራ፣ ሳቋ እያመለጣት። «ያን ሁሉ ልጅ፣ ያን ሁሉ እንግዳ እንዴት ቻለችን?»

እሱም ሳቀ። «እንግዲህ አይተሻል። ጠፈሩን ተውሽው ማለት ነው?»

«ለምን እተወዋለሁ? ይሄ እኮ ገና ኮረብታ ነው።»

በሳምንቱ ባቱ ሄዱ። እሱ ዛሬም ዝዋይ ነው የሚላት። ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩ ዙህራን ጋቢና አስቀመጣት፤ ራህመቶ ከኋላ ከሽንኩርት ከረጢት ጎን ተጣበበ። በዚያ መንገድ ላይ ከኋላ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። በመስኮቱ በጨረፍታ ቢያይ የሚያውቃቸው ግራሮች የሉም፤ በቦታቸው የአበባ እርሻዎቹ ነጫጭ ላስቲኮች ያብረቀርቃሉ። እዚህ ጋ እንዲህ ነበር ሊላት አስቦ ተወው። ዙህራ ሾፌሩን እየጠየቀች ነበር፤ ሾፌሩም ሳይሰለች ይነግራታል።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ እያዘገሙ የዓሣ ትራፊ ይለቅማሉ። ዙህራ ቆመች። ውሃው እስከ ተራሮቹ ግርጌ ድረስ ተኝቶ ያበራል።

«ውሃ ነው አልከኝ?» አለችው ዞር ብላ። «ይሄንን?»

እሱም እንደ አዲስ ወደ ውሃው ዞረ።

ሰዎች ወደ ደሴቱ ለመሻገር ጀልባ ላይ ይሳፈሩ ነበር። ዙህራ ጫማዋን አወለቀች። ራህመቶ ውሃ ይፈራል፤ መሪ ባልጨበጠበት ጀልባ መሳፈር ጭራሽ አይሆንለትም።

«አንቺ ሂጂ» አላት። «እኔ እዚህ እጠብቅሻለሁ።»

አንድ ወጣት እጇን ይዞ አሳፈራትና ብርቱካናማውን ጃኬት አለበሳት። እጇን አወዛወዘችለት። ጀልባዋ እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ ከብርሃኑ ጋር ተቀላቀለች። ራህመቶ ጫማዋንና ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ነፋስ ሲነሳ ይቆማል፤ ሌላ ጀልባ ብቅ ሲል ይቆማል፤ ደግሞ ይቀመጣል። ሻይ አዝዞ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። የሚጠብቅ ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚገፋው እስከዚያች ዕለት ድረስ አስቦት አያውቅም ነበር።

ዙህራ የቀሚሷ ጫፍ ርሶ፣ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ ተመለሰች። ገና አጠገቡ ሳትቀመጥ ማውራት ጀመረች፤ ስለ ማዕበሉ፣ ውሃው ላይ ስላየቻቸው ወፎች፣ ደሴቱ ላይ ውሃ ስላጠጧት ሴትዮ። ራህመቶ ጫማዋን አቀበላት።

«ከዚያስ?» አላት።