በሩ መልስ ይጠብቅ

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ወንበር ያጣ ደረጃው ላይ ይቀመጥ፤ ወሬዬ አጭር ናት።

የግድቡን በር ሠላሳ አንድ ዓመት በእጄ ስከፍትና ስዘጋ ኖሬያለሁ። ኋላ ላይ በሩን ኮምፒውተር ይከፍተዋል ተባለና፣ ፕሮግራሙ ምን ምን መሥራት እንዳለበት የምትጽፍ አንዲት ልጅ መጣች። ሁለት ወር ጽፋ ስትጨርስ ኃላፊው ቢሮ ተቀምጠን አነበበችልኝ፦ «ውሃው ሲበዛ ለሚመለከታቸው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ በሩም በተገቢው ጊዜ ይከፈታል።»

«በሩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ ኃላፊው።

«አልፈርምም።»

«ምኑ ጎደለ አባቴ? ያማረ ጽሑፍ እኮ ነው!»

«ማማሩንማ አምሯል። ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሲበዛ ማለት እስከ የት? የሚመለከታቸውስ እነማን ናቸው? እህቴ ከግድቡ በታች ልብስ ታጥባለች፤ ይሄ ወረቀት አያውቃትም።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አነሳች። «እርስዎ እንዴት ነበር የሚያደርጉት አባባ?»

«ውሃው ቀዩን መስመር ሲነካ ደወል እደውላለሁ። አጣቢዎቹ ዳገቱ ላይ ወጥተው ነጭ ጨርቅ ካላውለበለቡልኝ እጀታውን አልነካም። እስከዚያ ውሃውን በጎን ቦይ አስተነፍሰዋለሁ።»

ልጅቷ ደነገጠች። ደወሉን ሰምታለች፤ ስለ ጨርቁ ግን ማንም አልነገራትም። እኔም ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ ዝም ብያለሁ።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። «ሥራው ነገ ይጀመራል! ወይ ይፈርሙ፣ ወይ ቁልፉን ያስረክቡ።»

ቁልፉን ከወገቤ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ቁልፉ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ እንካ። ፊርማዬ ግን የኔ ነው። በእህቴ ነፍስ ላይ አልፈርምም።»

«አንድ ሽማግሌ ሥራ ሊያስቆም ነው?»

«ሁለት ነን» አለች ልጅቷ፣ ወረቀቷን ቀድዳ።

ያለ ፊርማ ሥራው አልተጀመረም፤ በማግስቱ ልጅቷ ወንዙ ዳር ወርዳ ከአጣቢዎቹ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ እነሱ ያፋጥጧታል። «ጭጋግ ቢሆንስ?» «አንዷ ወደ ኋላ ብትቀርስ?» ስለ በሩ አከፋፈት የሚለው አንድ ገጽ ሰባት ሆነ። ከዚያ እርጥብ ልብሳቸውን እንደተሸከሙ ተያይዘን ቢሮ ገባን። እህቴ የድሮውን ወረቀት ቅጂ ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አንስታ ሰጠችው። «በሩ ሲከፈት እኔ የት እንዳለሁ ከዚህ ላይ አሳየኝ፤ ያኔ ወንድሜ ይፈርማል።»

አገላበጠው። ፈለገ። አጣ። ሰባቱን ገጽ ተቀበለ።

ቁልፌን አልመለሰልኝም፤ ይሁን። በሩ ግን ዛሬም አጣቢዎቹ «ሁላችንም ወጥተናል» ብለው ካልመለሱለት አይከፈትም።

እናንተም ልጆቼ፣ ያማረ ወረቀት ፈርሙ ስትባሉ፣ እባካችሁ እህቴን አስታውሷት።