ሄደ ከሚለው ቃል አጠገብ

«ታዲያ ምን ትያለሽ እማ?»

ግሌን ይህን ሲጠይቃት ዶሪን ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።  ወረቀቱ ምን እንደሚል አታውቅም። ማንበብ አትችልም፤ ልጇ ደግሞ አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ አብሯት ሲኖር ይህን ጉድ አያውቅም።

ደብቃው ነው የኖረችው። በእንግሊዝ አገር፣ በሃል ከተማ ወደብ ዳር፣ ዓሣ የሚበለትበት ቤት ስለምትሠራ እጇ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው። ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ «አንብብልኝ እስቲ፣ እጄ ዓሣ ዓሣ ይላል» ትለዋለች፤ እሱም ያነብላታል። ቢሮ ውስጥ ወረቀት ከሰጧት «መነጽሬን ቤት ረሳሁ» ትላለች። ጋዜጣ ካገኘች ፎቶውን እያየች ገጹን በቀስታ ትገልጣለች።

ያን ቀን ግን እሁድ ነው፤ እጇ ደረቅ ነው። ግሌን ወረቀቱን ከሻይዋ ጎን አስቀምጦ «ራስሽ አንብቢው። ካልተስማማሽ አትፈርሚ፣ አልቀየምሽም» ብሎ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ወደቡ ላይ ካለው የአናጢዎች ቤት ሥራ ሊገባ እንደሚፈልግ ከበጋ ጀምሮ ሲያወራ ስለነበር የዚያ ወረቀት መሰላት። ዓይኗን ከግራ ወደ ቀኝ እየነዳች፣ በሆዷ እስከ መቶ ቆጠረች።

«ጥሩ ነው» አለች በመጨረሻ። ስሟን ፈረመች። ይህን አንድ ነገር ባሏ ዋልተር በሕይወት ሳለ አስተምሯታል፤ እንደ ሥዕል ነው የምትስለው።

ግሌን ተነስቶ አንገቷን አቀፋት። ጢም ካበቀለ ወዲህ አቅፏት አያውቅም። «እምቢ የምትይ መስሎኝ ነበር» አላት። «ኮሊንማ እናትህ በቁሟ አትፈርምም ብሎኝ ነበር» አለ፤ ኮሊን አብሮት ያደገ የጎረቤት ልጅ ነው።

«ለምንድን ነው የማልፈርመው?»

«በአባዬ ምክንያት ነዋ።»

ዶሪን ያኔ ገባት። ዋልተር ከአስራ አንድ ዓመት በፊት የተሳፈረባት የዓሣ መርከብ ሰሜን ባሕር ላይ በረዶ ተጭኗት ተገለበጠች። ከሃያው ሰው አንድም አልተረፈም። ወረቀቱ የባሕር ወረቀት ነበር፤ ልጇ ለሦስት ወር ሙከራ በዓሣ መርከብ ላይ እንዲሠራ የወላጅ ፈቃድ።

አፏን ከፈተች። አልፈቅድም ለማለት መጀመሪያ አላነበብኩትም ማለት ነበረባት። ልጁ ግን በእናቱ ኮርቶ ፊቱ በርቷል። አፏን ዘጋች።

የወጣው በሚቀጥለው ሰኞ ነበር። ሰኞ በዚያ ሰፈር የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው፤ ከቤት ወደ ቤት በተወጠረው ገመድ ላይ አንሶላው እንደ ሸራ ይነፋል። ነገር ግን ሰው ባሕር የሚወጣበት ቤት በዚያ ቀን ልብስ አያጥብም። ካጠበ ውኃው ሰውየውን ጠርጎ ይወስደዋል ይላሉ። ወደብ ድረስ አይሸኙም፣ እጅ አያውለበልቡም፣ ደህና ሁን አይሉም። ግሌን ከረጢቱን ተሸክሞ «በይ እማ» አለ። እሷም «በል» አለችው። ቀኑን ሙሉ ውኃ አልነካችም። ጎረቤቷ ሜቪስም አላጠበችም፤ ልጇ ኮሊን እዚያው መርከብ ላይ ነበር።

ዶሪን የዚያን ቀን ባዶ ገመዷን እያየች አንድ ነገር ወሰነች። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ሁለተኛ ወረቀት ይመጣል፤ የሁለት ዓመት። እሱን ማንም አያነብላትም። በራሷ ዓይን ታነበዋለች፤ ከዚያም በራሷ አፍ መልስ ትሰጣለች።

ማንበብ ለማይችሉ ትልልቅ ሰዎች ትምህርት መጀመሩን ከሬዲዮ ሰምታ ነበር። በቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ሚስስ ሃርከር የምትባል ሴትዮ ተቀበለቻት። ሚስስ ሃርከር ዕድሜዋን በሙሉ ባቡር ጣቢያ ትኬት ስትሸጥ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። መጽሐፍ አላወጣችም። ባዶ ደብተር ገለጠችና እንዲህ አለቻት።

«ከራስዎ አፍ የወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩኝ። እኔ እጽፈዋለሁ፣ እርስዎ ያነቡታል። የራስዎ ቃል ስለሆነ አይጠፋዎትም።»

«ስለ ምን ልንገርዎት?»

«በዚህ ሳምንት ስለሆነ ነገር።»

በዚህ ሳምንት የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ልጄ ወደ ባሕር ሄደ» አለች ዶሪን።

«በጣም ጥሩ። ልጅዎ ማን ይባላል? ስሙን እናስገባው።» ሚስስ ሃርከር ብዕሯን አነሳች።

ዶሪን እጇን ወረቀቱ ላይ ጣለች። «ስሙን አይጻፉ።»

«ለምን?»

«እዚያ እያለ አይሆንም። በኛ ሰፈር ባሕር ላይ ያለ ሰው ስሙ ሄደ ከሚለው ቃል ጋር አይነሳም። ባሌ ዋልተር ሄደ ሲባል የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

ሚስስ ሃርከር የከተማው ሌላኛው ጫፍ ሰው ናት፤ ይህን አታውቅም ነበር። ግን አልሳቀችም። በስሙ ቦታ ባዶ ትታ የቀረውን ጻፈች፤ ከዚያ በጣቷ አንዱን ቃል ነካች። «ይቺን ይያዙ። ዌንት። አራት ፊደል ናት።»

ዶሪን ቃሉን ተወልዳ ካደገች ጀምሮ ስትለው ኖራለች፤ መልኩን ስታይ ግን የመጀመሪያዋ ነው። በነሱ ቋንቋ ሄደም፣ ሄደችም፣ ሄድኩም፣ ሄዱም ያው ዌንት ነው። የሄደው ማን እንደሆነ ቃሉ ብቻውን አይናገርም፤ አጠገቡ ስም ይፈልጋል። ዶሪንን ያስፈራትም ያ አጠገቡ ያለው ባዶ ቦታ ነበር። አንድ ሰው እንዲገባበት የተከፈተ በር መሰላት።

«አይፍሩት» አለች ሚስስ ሃርከር። «የማይሠራው ሥራ የለም። ወተት ሲበላሽ ዌንት እንላለን። መብራት ሲጠፋም፣ ሰው ፊቱ ሲቀላም፣ የሚያወራው ሰው ድንገት ዝም ሲልም። እስቲ ሰፈርዎ ውስጥ ስንቴ እንደሚባል ይቁጠሩልኝ።»

ቆጠረች። ከሁለት ሳምንት በኋላም ዓሣ እየበለቱ ሜቪስ ስታወራ፣ ዶሪን ቢላዋዋን ይዛ አፏ አፏን ታያለች። ሜቪስ አማቷ ቤት ሄዳ ነበር፣ ሾርባው ተበላሽቶ ነበር፣ አማቷ ተቆጥታ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ነበር። ሦስት ዌንት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ሜቪስ። «ጥርሴ ላይ ዓሣ አለ?»

«የለም። ቀጥይ።»

«ማክሰኞና ሐሙስ ተበጥረሽ የምትወጪውስ? ሰው አግኝተሽ ከሆነ ንገሪኝ እንጂ።»

«አግኝቻለሁ። ሽማግሌ ነው።»

«ይሁን እቴ፣ ሽማግሌም ብርድ ልብስ ያሞቃል።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ዶሪንም ሳቀች። እውነቱን ብትነግራቸው ግን አንዷም የምትስቅ አልመሰላትም፤ ያዝኑላታል፣ ያን ደግሞ አልፈለገችም።

ግሌን በየሦስት ሳምንቱ እየመጣ ሦስት ቀን ያድርና ይመለሳል። እጁ በጨው ተሰነጣጥቋል፣ ትከሻው ሰፍቷል፣ ሲበላ ሳህኑን በክንዱ ይከልላል። ባሕሩ እንዴት ነው ስትለው «ደህና ነው» ይላል። ደብተሯን ከድንች ጆንያው ሥር ትደብቃለች። እሱ በሌለበት ከሥራ በፊት በማለዳ ተነስታ ቃላት ትጽፋለች፤ ወላጅ፣ ፈቃድ፣ መርከብ፣ ዓመት። እነዚህን ከሚስስ ሃርከር ለይታ የጠየቀቻቸው እሷ ናት። እንግሊዝኛ ሲጻፍ ሌላ፣ ሲነገር ሌላ መሆኑ ያናድዳታል። የማይነበብ ፊደል መሐል ገብቶ ሲገተርባት «ይሄ ምን ይሠራል እዚህ? ደሞዝ ይበላል?» ትላለች። እንዲህም ሆኖ አንድም ቀን አልቀረችም። ጉንፋን ሲይዛት ሻርፕ ጠምጥማ ሄደች። ያቺ ባዶ ቦታ ያለባት ዓረፍተ ነገር የደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ እንዳለች ናት። አልነካቻትም።

ሦስት ወሩ አለቀ። ግሌን ሐሙስ ቀን መጥቶ አዲሱን ወረቀት እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እዚያው ሻይዋ ጎን አስቀመጠው።

«ይሄኛው የሁለት ዓመት ነው። ሰኞ እንወጣለን። አንብቢውና ፈርሚልኝ።»

ዶሪን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋች፤ ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አደረገች።  አንዱን ቃል አለፈች፣ ሁለተኛው ላይ ቆመች፣ ተመለሰች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ግሌን መጀመሪያ ዳቦውን እየቆረሰ ነበር፤ ከዚያ ማኘኩን አቆመ።

«መነጽርሽን ላምጣልሽ?»

«መነጽር የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም።»

 ጣቷን እያየ ቆየ። አንድ ረጅም ቃል ላይ ስትደናቀፍ ሊነግራት አፉን ከፈተ።

«ተው» አለችው። «እኔ ነኝ የማነበው።»

ሻይዋ ቀዘቀዘ። መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ድምፅ አውጥታ አነበበች፤ «እኔ ወላጅ ይህን ወረቀት አንብቤ፣ ተረድቼ፣ ልጄ እንዲሄድ ፈቅጃለሁ።» ጣቷን ከዚያ ሳታነሳ ቀና አለች።

«የመጀመሪያው ላይም እንዲህ የሚል ነበር?»

«ነበረ።»

«እንግዲያው ዋሽቻለሁ። አላነበብኩትም። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር ግሌን። የአናጢዎቹ ቤት መስሎኝ ነው የፈረምኩት።»

ግሌን ፊቱ ቀላ፤ ቀጥሎ ነጣ። «ዓሣ ዓሣ ይላል ስትይኝ የነበረው…»

«እሱም ውሸት ነው። እጄማ ይሸታል፤ ዓይኔ ግን እጅ አያስፈልገውም ነበር።»

«መርከቡ ላይ ለሁሉም ነው የነገርኳቸው» አለ።  «ባሏን ባሕር የበላባት እናቴ አንድ ቃል ሳትናገር ፈረመችልኝ ብዬ። ካፒቴኑ እንኳን ሳይቀር አንበሳ ናት አለ። አንቺ ግን አልፈቀድሽልኝም ነበር።»

«አልፈቀድኩም። አሁንም አልፈቅድም።»

«ሰነፍ አይደለሁም እኮ! ሥራውን እችለዋለሁ።»

«እንደምትችል አውቃለሁ። አባትህም ይችል ነበር።»

«አስራ ስምንት ሲሞላኝ እሄዳለሁ።»

«ያኔ የኔ ፊርማ አያስፈልግህም። እስከዚያ ያስፈልግሃል፤ እኔ ደግሞ አልፈርምም። ፈሪ በለኝ፣ መሃይም በለኝ፣ የፈለግከውን በል።»

 ወንበሩን ገፍቶ ወጣ፤ በሩ ከኋላው ተንቀጠቀጠ።

ዓርብ ጠዋት ዶሪን ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ወደ መርከቡ ቢሮ ሄደች። ሰልፉ ላይ ሜቪስ የኮሊንን ወረቀት ይዛ ከፊቷ ቆማለች። ጸሐፊው የዶሪንን ወረቀት ተቀብሎ ገለበጠው።

«አልፈረሙም እኮ። እዚህ ጋ ነው፣ እመቤት።»

«አይቼዋለሁ። አንብቤ ነው ያልፈረምኩት።»

«የፊተኛውን ፈርመው የለም?»

 ዶሪን የሜቪስ ዓይን ጉንጯ ላይ ተሰማት። «የፊተኛውን አላነበብኩትም» አለች፤ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ማንበብ አልችልም ነበር። አሁን እችላለሁ። የልጄን ስም ሰርዙልኝ።»

ስትወጣ ሜቪስ ደረጃው ላይ ደረሰችባት። ወረቀቷ ተፈርሞ ገብቷል። አብራት ተራመደች።

«ያ ሽማግሌሽ ይሄ ንባብ ነበር?» አለች።

«ይሄ ነበር።»

«እኔ አንብቤ ነው የፈረምኩት» አለች ሜቪስ። «አንብቤ፣ ዶሪን።» ከዚያ ወደ ሌላ መንገድ ታጠፈች።

ከሰዓት በኋላ ዶሪን ደብተሯን ከጆንያው ሥር አወጣች፤ ከዚህ በኋላ መደበቅ የለም። አዲስ ገጽ ላይ ማንም ሳይረዳት ጻፈች፤ ቢሮ ሄድኩ። ከዌንት አጠገብ ያስገባችው ራሷን ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ ባዶውን ቦታ አየችው፤ እንዳለ ተወችው።

ግሌን ቅዳሜና እሁድ አላናገራትም። ስትጠራው ይበላል፣ ሲጨርስ ሳህኑን አጥቦ ክፍሉ ይገባል። ልብሱን የሞላበት ከረጢት ከበሩ ሥር እንደታሰረ ነው። ዶሪን አልፈታችውም። እሱ ራሱ እስኪፈታው ጠበቀች።

ሰኞ ማለዳ ስትነሳ ከረጢቱ በሩ ሥር የለም።  ወደ ጓሮ ብትወጣ ግሌን በርሜሉ አጠገብ ቆሟል፤ ከረጢቱ ተፈቶ፣ ጨው የጠጣው ሹራብና ካልሲው መሬት ላይ ተቆልሏል። ከወደቡ በኩል የመርከቧ ጥሩምባ ተሰማ። ሁለቱም ወደዚያ ዞር አላሉም።

«ሰኞ ነው እኮ» አለ፣ ፊቷን ሳያይ። «አታጥቢም?»

ዶሪን እጅጌዋን ሰበሰበች። ቀዝቃዛውን ውኃ ቀድታ ሹራቡን ነከረች፣ አሸች፣ ጠመዘዘች፤ እሱ ደግሞ ሰጣው። ሰፈሩ በሙሉ አጥቦ ነበር። የሜቪስ ገመድ ብቻ ባዶውን ይወዛወዛል። ሜቪስ መስኮቷ ላይ ቆማ የግሌንን ሹራብ አየች፤ መጋረጃውን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ኮሊን ሄደ። ግሌን ቀረ።