ትልቁ ጉርድ ፎቶ

ለሚመለከተው ሁሉ እንዲታወቅ፦ የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ፀጉር አስተካካዩ ለመታወቂያ ማደሻ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ይነሳል።

ነገሩን ለፎቶ አንሺው ያበሰረችው የፀጉር አስተካካዩ ትልቋ ልጅ ናት። ሰኞ ዕለት መጥታ ባንኮኒው ፊት ቆመችና ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ የሹመት ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ተናገረች። ፎቶ አንሺው እዚህ ባንኮኒ ላይ ሠላሳ ዓመት ቆሟል። ለጉርድ ፎቶ ከሦስት ቀን በፊት መጥቶ ያሳወቀው ሰው ግን ገጥሞት አያውቅም።

«ስንት ፍሬ ይሁን?» አላት።

«አራት፣ ጋሼ። አራት ትንንሽ።» ቦርሳዋን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። «አንድ ደግሞ ተለቅ ያለ።»

«ምን ያህል ተለቅ ያለ?»

በእጆቿ አየር ላይ ለካችለት። መስኮት ያህል ነበር።

«ይህን መታወቂያ የሚይዝ ኪስ የት ተሰፋ?» ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኗን አየና ዋጠው። ደብተሩ ላይ «ጉርድ፣ ትልቅ» ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ፀጉር አስተካካዩ መታመሙን ሰፈር ሁሉ ሰምቷል። ሐኪሙ ለቤተሰቡ የነገረውንም ሰፈር ሁሉ ሰምቷል። አልሰማም የሚባለው እሱ ብቻ ነው። እቤት ውስጥ በሽታው «ጨጓራ» ይባላል። ሚስቱ ጨጓራ ትላለች፣ ልጆቹ ጨጓራ ይላሉ፤ እሱም ሲጠየቅ «ያቺ ጨጓራዬ ናት» ይልና ወሬ ይለውጣል።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ፎቶ አንሺው መቆሚያ መቀመጫ አጣ። ለመታወቂያ የሚነሳ ሰው ከግራና ከቀኝ ሁለት መብራት ይበራበታል። ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት፤ ጥላ አይፈቀድም። ቢሮ ጥላ አይወድም፤ ፊቱ ላይ ጥላ ያለበት ሰው የሚያስበው ነገር ያለ ይመስላል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፊት ግን ጥላ ነፍሱ ነው። በአንድ ጎን ብርሃን፣ በሌላው ጎን ደብዘዝ ያለ፤ ያን ጊዜ አፍንጫ አፍንጫ ይሆናል፣ የግንባር መስመርም ሰው የኖረበት ይመስላል። ቁንጅና ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት የሚያውቀው ይህንኑ ነበር። ብርሃን ሰውየውን ያሳይሃል፤ ሰውየውን የሚያስወድድህ ጥላው ነው።

እዚህ ላይ ነው ጭንቁ። በመታወቂያ መብራት ካነሳው፣ ሚስትና ልጆች ዕድሜ ልካቸውን የሚያዩት ፊት የተላጠ ድንች ይሆናል። በመስኮቱ ብርሃን ካነሳው ደግሞ ሰውየው ያውቃል። የስንቱን አገጭ ወደ ብርሃን ሲያዞር የኖረ ሰው ነው፤ ለመታወቂያ መስኮት ሥር የሚቀመጥ እንደሌለ አይጠፋውም። አንድ ቤት ሙሉ ተጠንቅቆ የያዘው ምስጢር በአንድ ወንበር ምክንያት ሊፈስ ነው።

ማክሰኞ ወንበሩን መስኮቱ ሥር ወሰደው። ረቡዕ ጠዋት መለሰው። ረቡዕ ከሰዓት እንደገና ወሰደውና የራሱን ሚስት ጠርቶ አስቀመጣት። በካሜራው ውስጥ አያት፣ በዓይኑ አያት፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አያት።

«ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ትክ ብለህ አይተኸኝ አታውቅም» አለች። «ምን ሆኛለሁ? እኔም ጨጓራ ያዘኝ?»

«ብርሃኑን ነው የማየው።»

«እሱንማ አውቄያለሁ» ብላ ተነሳች። «ወንበሩንም ተወው፤ ምን በደለህ?»

ወንበሩን መብራቶቹ መሃል መለሰው።

ሐሙስ በሰዓቱ አራት ሆነው መጡ፤ አባት፣ እናት፣ ልጅቷና ወንድሟ። ፀጉር አስተካካዩ የለበሰው ኮት የራሱ ነው፤ ዛሬ ግን ከሰው የተዋሰው ይመስላል። እናትየው ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ሰብስባዋለች። ከፊት ሲያዩት ልክክ ያለ ነው፤ ጀርባው የተቋጠረ ጆንያ ነው። ሁሉም ከፊት ብቻ አዩት።

«አባዬ፣ ዛሬማ ሙሽራ ሆነሃል» አለ ልጁ። ድምፁ ከክፍሉ ይበልጥ ነበር።

«ለመታወቂያ ቢሮ ልትድሩኝ ነው?»

ሦስቱም ሳቁ፤ ከቀልዱ በላይ ሳቁ። ፎቶ አንሺውም ሳቀ፤ ሳቁ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ጠፋውና መብራቱን አበራ።

«አገጭህን ቀና አድርግ።»

«ሠላሳ ዓመት እኔ ስልህ የኖርኩትን?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አንድ ቀን እንኳ ሰምተኸኝ አታውቅም። ጆሮህ ሥር ያለችው ጠባሳ ትመስክር።»

«እሷ ያንተ እጅ ሥራ ናት።»

«ያንተ አንገት ሥራ ናት። ዝም በል ስልህ ስለ ብርሃን ታወራ ነበር።»

አነሳው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጊዜ። ሁለቱ መብራቶች ፊቱን እንደ ወለል ጠረጉት። ሁለት ጆሮ አለ፣ አፍንጫ አለ፣ የጎደለ ነገር የለም፤ ሰውየው ግን የለም። ፎቶ አንሺው ትልቁንም ከዚሁ ላይ አሳድግላቸዋለሁ፣ ምን አደርጋለሁ፣ አለ በልቡ። ፈሪ መሆኑን ያውቃል። ፍርሃቱን ደግነት ብሎ ሊጠራው ሞከረ፤ ስሙ አልገጠመለትም።

«ጨርሰናል» አለ።

የክፍሉ ሰው ሁሉ ተነፈሰ። «አየህ አባዬ፣ ወዲያው አለቀ» አለች ልጅቷ፤ ቦርሳዋንም አነሳች።

ፀጉር አስተካካዩ ግን ከወንበሩ አልተነሳም። በግራው ያለውን መብራት አየ፣ በቀኙ ያለውን አየ።

«ተለቅ የሚለውስ?» አለ።

«የቱ ተለቅ የሚለው?» አለች ልጅቷ።

አባቷ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ፤ የወንበሩን መደገፊያ ያዘና ወለሉን እያስጮኸ ወደ መስኮቱ ጎተተው። ልጁ ሊያግዘው አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ማገዝ ወዴትና ለምን እንደሚጎተት አውቃለሁ ማለት ነውና ማንም አላገዘም። ወንበሩን ትንሽ ጠመም አድርጎ አቆመውና ተቀመጠ። አገጩን በገዛ እጁ ይዞ፣ የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ፣ ወደ ብርሃኑ አዞረው።

የመስኮቱ ብርሃን በአንድ ጎኑ ገባለት። የከሱት ጉንጮቹ ጥላ አገኙና መክሳታቸውን ተዉ፤ ያ ሰፈር ሲያስቅ የኖረው ሰው፣ ምላጭ ይዞ የሚቆጣው ሰው፣ ከሰኞ ጀምሮ ሲፈለግ የነበረው ሰው እዚያ ተቀምጦ ነበር። ፎቶ አንሺው ሄዶ አንዱን መብራት አጠፋ። ከዚያ ሁለተኛውን አጠፋ።

«ይነቀነቃል» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ እዚያ ጋ ወለሉ ረገብ ያለ ነው። «ከሥሩ የሚገባ ወረቀት ካላችሁ።»

ልጁ ኪሱን ዳበሰ። ከደረት ኪሱ ያወጣው የመታወቂያ ማደሻውን ቅጽ ነበር። አንድም መስመር አልተሞላበትም፤ የአባቱ ስም እንኳ አልተጻፈም። እናቱን አየ። እናቱ የባሏን ኮሌታ እያቃናች ነበር፤ ቀና ብላ ወረቀቱን አየችና ወደ ኮሌታው ተመለሰች። ልጁ ተንበረከከና ቅጹን አጥፎ ከወንበሩ እግር ሥር አስገባው።

አባቱ ክብደቱን ወደ ግራ ጣለ፣ ወደ ቀኝ ጣለ።

«አንድ ጊዜ ደግመህ እጠፈው» አለ።