ክፍት ቁጥር

የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ ጽሕፈት ቤት ሰባኛ ዓመቱን ሊያከብር ነበርና ለዕለቱ የሚታደለውን መጽሔት የመጻፍ ሥራ በመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ላይ ወደቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለደብዳቤ ቁጥር ሲሰጥ ስለኖረ ሰው ሁሉ «አባ ቁጥሬ» ይለዋል። ጡረታ ለመውጣት አምስት ወር ቀርቶታል።

«ካንተ የተሻለ ማን ሊጽፈው?» አለው የበሩ ጥበቃ። «አለቆቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንተና ምስጡ ብቻ ናችሁ የማትነቃነቁት።»

አባ ቁጥሬ ጻፈ። ሹሙ ድሮ አገረ ገዥ ይባል እንደነበር፣ ግብሩም ዳኝነቱም ወህኒውም በአንድ እጁ እንደነበር፣ ኋላ ስሙ ተለውጦ አስተዳዳሪ እንደተባለ ጻፈ። ዳኝነቱ ለፍርድ ቤት፣ ግብሩ ለገንዘብ ቤት ሲሄድ እስረኛን ከቦታ ወደ ቦታ የማዘዋወር ሥልጣን ግን እዚያው ቀረ። ይህችን አንዲት ነገር ለማጣራት ነበር የወህኒ ቤቱን ፋይል ከመደርደሪያ ያወረደው። ፋይሉ ለዓመታት በአስተዳዳሪው ልዩ ጸሐፊ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ኖሮ ሰውየው ባለፈው ክረምት ሲሞት ነው ወደ መዝገብ ቤት የመጣው።

ሦስተኛውን ወረቀት ገልጦ እዚያው ቆመ። «በቁጥር 412 በተሰጠን ትእዛዝ መሠረት ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን አርባ ሁለት እስረኞች ለተላኩት መኪናዎች አስረክበናል» ይላል። በዝርዝሩ አሥራ ሰባተኛው የእህቱ ባል፣ መምህሩ ነበር።

እነዚያ መኪናዎች ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ደረሱ የተባለበት ቦታ የለም። እህቱ ወህኒ ቤት ስትሄድ «ከላይ ታዘን ነው» ይሏታል፤ ወደ ላይ ስትመጣ «ከዚህ የወጣ ትእዛዝ የለም» ይሏታል። የለም የሚለውን መልስ የወጪ ደብዳቤዎች መዝገቡን አገላብጦ ያረጋገጠው ራሱ አባ ቁጥሬ ነበር። ፍርድ ቤቱ ደግሞ እስከ ዓርብ የጽሑፍ ማስረጃ ካልቀረበ ጉዳዩን እንደሚዘጋው ነግሯታል። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

የዚያን ዓመት ወጪ መዝገብ አውጥቶ 412ን ፈለገ። አገኘው። «የመኪና ጎማ እንዲገዛ ስለመጠየቅ።» ጽሑፉ ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ አንድ ልማድ ነበረው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በየማለዳው በወጪ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ባዶ ይተዋል። ክፍት ቁጥር ይባላል። አስተዳዳሪው በጥድፊያ ደብዳቤ ሲያወጣ ልዩ ጸሐፊው ይደውልና «ክፍቷን ስጠኝ» ይላል። በማግስቱ ጉዳዩን በቃል ይነግረዋል፤ አባ ቁጥሬ ይሞላል። ደብዳቤውን አያይም። ይህን ከእሱ በፊት ከነበረው ሰው ተማረ፤ ያም ከሌላ ተምሮት ነበር።

ፋይሉን ወደ ቦታው መለሰው። መስኮቱ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ተመልሶ አወረደው።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። በምሳ ሰዓት በሯ ላይ ሲቆም እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳች።

«ጋሼ! በዚህ ሰዓት ምን እግር ጣለህ?»

የወህኒ ቤቱን ደብዳቤና የመዝገቡን ገጽ ፎቶ ኮፒ ከፊቷ አስቀመጠ። ክፍቱ ቁጥር ምን እንደሆነም ነገራት። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች። የመዝገቡን ኮፒ ግን አንድ ጊዜ ማየት በቃት።

«ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ» አለች። «እጅህ ይጠፋኛል?»

«እቴ፣ እኔ እኮ...»

«ምን ነበር ብለህ አልጠየቅህም?»

«የአስተዳዳሪ ክፍት ቁጥር አይጠየቅም።»

«ስንት ጎማ? ይህንንስ አልጠየቅህም?»

«አልጠየቅሁም።»

የመኪናውን መዘውር በእጇ አዞረችው። ጨርቅ ስላልነበረ መርፌው ባዶውን ወርዶ ወጣ።

«ዘጠኝ ዓመት በየእሑዱ ከገበታዬ በልተሃል። ‹አጣርቻለሁ፣ የለም› ስትለኝ የወህኒ ቤቱን ሰዎች ፊት ለፊት ውሸታም ብያቸዋለሁ። አንተን ይዤ ነው ያልኳቸው።»

አባ ቁጥሬ ወረቀቶቹን ሊሰበስብ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ቀድማ እጇን ጫነችባቸው።

«ኮፒ አይቀበሉም። መዝገቡን ራሱን አምጣው። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ላይ እጠብቅሃለሁ።»

«ልዩ ጸሐፊው ሞቷል» አለ ቀስ ብሎ። «የዚያን ጊዜው አስተዳዳሪ አላውቅም ነው የሚለው፤ የትእዛዙ ደብዳቤ ራሱ የለም። የቀረው እጅ የእኔ ብቻ ነው። በሐሰት መዝግበሃል ብለው ያስሩኛል፤ ጡረታዬም...»

«ይሰሩህ» አለች። «አንተ እንኳ ብትታሰር የት እንዳለህ እናውቃለን።»

በማግስቱ ጠዋት አባ ቁጥሬ መዝገቡን በአሮጌ መጋረጃ ጠቅልሎ በብብቱ ያዘ። ኮሪደሩ ላይ የአሥራ አራቱ ሹማምንት ፎቶግራፍ ለበዓሉ ተወልውሎ ተሰቅሏል። ዘጠነኛው፣ የዚያን ዘመኑ አስተዳዳሪ፣ እንደሌሎቹ ሁሉ ፈገግ ብሏል።

«ምንድን ነው የተሸከምከው?» አለ ጥበቃው። «ገና ሳትሰናበት ዕቃ ማሸሽ ጀመርክ እንዴ?»

«የመኪና ጎማ ነው።»

ጥበቃው ከት ብሎ ሳቀና በሩን ከፈተለት።

እህቱ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ሰላም አላለችውም። ተከታትለው ገቡ። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ሹም፣ ሬጅስትራሯ፣ መነጽሯን አድርጋ ደብዳቤውን ከመዝገቡ ጋር አስተያየች፤ አንድ ጊዜም ለራሷ «ጎማ» አለች።

«ይህ የማን የእጅ ጽሑፍ ነው?»

አባ ቁጥሬ ባዶውን መጋረጃ ማጣጠፍ ጀመረ።

«የወንድሜ ነው» አለች እህቱ፣ ጣቷን ወደ እሱ ቀስራ።

ሬጅስትራሯ መዝገቡን ተረክባ ፈረመችና «እዚያ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ፤ የትም እንዳይሄዱ» አለችው። ስልክ አነሳች። እሱ ተቀምጦ የገቢ መዝገቧን ተመለከተ። ቀጣዩን ባለጉዳይ ከእህቱ ስም ሥር፣ በሚቀጥለው መስመር ላይ ጻፈችው። በመሃል የተዘለለ መስመር አልነበረም።

እህቱ ከአጠገቡ አልተቀመጠችም። አልሄደችምም። የተጠራው ፖሊስ መጥቶ አባ ቁጥሬን ሲያስነሳው ግን ተጠጋችና «የት ነው የምትወስዱት?» ብላ ጠየቀች። ፖሊሱ የጣቢያውን ስም ነገራት። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች፤ ስሙን እያንዳንዷን ፊደል እያስደገመች፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራ፣ በወረቀት ላይ ጻፈች።