የሀብተሚካኤል ድምፅ

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ያለችው የሻፊ ሞባይል ቤት ሁለት ሥራ ነበራት። እስረኛ ጠያቂ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድለት ስልኩን በአደራ ታስቀምጣለች፤ ባለቤቱ እስኪወጣ ደግሞ ሻፊ የተበላሸውን ያስተካክላል፣ አፕ ይጭናል። ሻፊ በሥራው ኩሩ ነው። ሌላው ባለሱቅ ከሜሞሪ ካርድ ያገኘውን አፕ ሁሉ ሲገለብጥ፣ እሱ ማን እንደሠራው የሚያረጋግጠውን የፋይሉን ዲጂታል ፊርማ በኮምፒውተሩ ከሠሪው ፊርማ ጋር ሳያመሳክር አይጭንም። "ያልተፈረመ ደብዳቤ ትቀበላለህ?" እያለ ደንበኛውን ሁሉ ያሰለቻል።

እትዬ አስቴር በየሳምንቱ ባለቤታቸውን ጋሽ ገብረጻድቅን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ስልኩን ከማስረከባቸው በፊት ሱቁ ውስጥ ቆመው ከመልእክት መላኪያ አፑ የልጃቸውን የሀብተሚካኤልን ድምፅ ይከፍታሉ። ልጁ ባሕር ላይ ከመቅረቱ በፊት ከሊቢያ ለአባቱ የላከው የመጨረሻ መልእክት ነው። አባትየው ግን አንድም ቀን በጆሯቸው አልሰሙትም፤ ስልክ አይገባማ። የሚፈቱት አርብ ነው።

ዛሬ እትዬ አስቴር ፊታቸው ጠቁሯል።

"ሻፊዬ፣ አፑ ጊዜው አልፏል ይላል። ድምፁን አልከፍት አለኝ። አደራህን፣ ለአርብ አድርስልኝ።"

"ምን ችግር አለው እትዬ? ጋሼን ጠይቀው ሲወጡ ያገኙታል።"

አዲሱን ፋይል ሊጭን ሲል ስልኩ እምቢ አለ፤ የአሮጌውና የአዲሱ ፊርማ አይገጥምም። ሻፊ ሁለቱንም መረመረ። አዲሱ የሠሪው ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው ግን ሌላ ሰው ነካክቶ የፈረመበት ሐሰተኛ ቅጂ። ተናደደ። ማን ያውቃል፣ እኒህ ምስኪን ሴት ሲያወሩ የሚያዳምጥ ይኖር ይሆናል። ሐሰተኛው ካልወጣ ደግሞ እውነተኛው አይገባም። ስልኩ መረጃው አብሮ እንደሚጠፋ አስጠነቀቀ። ይህን ማስጠንቀቂያ በየቀኑ ያየዋል፤ ስልክ ቁጥሩ ሲገባ መልእክቱ ከኢንተርኔት ተመልሶ ይመጣል፣ ሁሌም እንዲያ ነው። "እሺ" የሚለውን ነካ። ልኳልሽ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይሄ ነው።

አፑ ተከፈተ፤ ባዶ ነው። ሐሰተኛው ቅጂ መልእክቱን ያኖረው እዚያው ስልኩ ውስጥ ብቻ ኖሯል። ሻፊ የሚያውቀውን ዘዴ ሁሉ ሞከረ፣ አልሆነም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

እትዬ አስቴር ከማረሚያ ቤቱ እየሳቁ መጡ። "ጋሽህ ከአሁኑ ጢሙን ተላጭቶ ጠበቀኝ እኮ!"

ሻፊ ነገራቸው። ስለ ፊርማው፣ ስለ ሐሰተኛው ቅጂ፣ ስለ ባዶው አፕ። እሳቸው ስልኩን ተቀብለው ባዶውን አፕ አዩት።

"አፑ ሐሰተኛ ይሁን" አሉ በመጨረሻ። "ድምፁ ግን የልጄ ነበር።"

ሻፊ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እትዬ አስቴር በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

"አንተም እኮ ስንቴ ሰምተኸዋል። እኔን እንባ ይቀድመኛል፤ አርብ ለጋሽህ ልጁ ያለውን አንተ ንገርልኝ። እስቲ፣ 'አባዬ' ሲል እንዴት አድርጎ ነበር?"

ሻፊ አፉን ከፈተ። ያ ድምፅ እዚህች ሱቅ ውስጥ በተሰማ ቁጥር፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ የሰው ፋይል ፊርማ ያመሳክር ነበር። አንዲት ቃል እንኳ አላስታወሰም።