የሉቃስ በርጩማ

ጣውላው ገና ከግማሽ ሳያልፍ መብራት ሄደ። የእንጨት መሰንጠቂያው ማሽን አቃስቶ ቆመ፤ ጥርሳሙ ዲስክ እንጨቱ መሃል ተቀርቅሮ ቀረ።

“አሁን ነው እንዴ የሚሄደው!” አለ አብዱረዛቅ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ።

“እኔ አላጠፋሁት። ምን ታፈጥብኛለህ?” አለችው ገለቴ፣ ከማሽኑ ጎን እንደቆመች።

አብዱረዛቅ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ አለው። ትናንት በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት በተነሳው ግርግር ሰው ሲሯሯጥ የሱቁ በር ተገንጥሎ ወደቀ። ዛሬ ደግሞ የአምቦ መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ከቡራዩ የሚወጣም ወደ ቡራዩ የሚገባም ታክሲ የለም። ሳይመሽ በሩ ካልተገጠመለት ስኳሩንና ዘይቱን ታቅፎ ማደሩ ነው።

“ገለቴ እህቴ፣ በእጅ መጋዝ አይሆንም?”

“ይሆናል። የዛሬ ሳምንት መጥተህ ትወስዳለህ።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“ዝም ብትል ይሻላል።”

ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሉቃስ ሳቅ አለ። የገለቴ ባል ነው። ማሽኑም የእሱ ነበር፤ ከሆሳዕና መጥቶ ግንበኛ ሥር ሲላላክ ኖሮ በስንት ልፋት የገዛው። የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ከበላው ግን አምስት ወሩ።

ያኔ ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ “መብራት ሄዶ መጣብኝ” ብሏት ነበር። ገለቴ አልሰማችውም። “መብራት ጣት ይቆርጣል? ዓይንህ የት ሄዶ ነው?” አለችውና ሥራውን ራሷ ያዘችው። እሱን ከደጃፉ እንዳያልፍ ከለከለችው። ለክፋት አልነበረም። የቀሩት ሁለት ጣቶች አንጀቷን እየበሏት ነው። ይህን ግን በአፏ አላወጣችውም። ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ ስትቆልፍለት እንኳ፣ “ዓይንህ የት ነበር ግን?” ትለዋለች። እሱም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

አንድ ቀን በግራ እጁ ሲታገል ውሎ መግፊያ ዱላ ቀርጾላት ነበር፤ እንጨት ስትገፋ ጣቷ ዲስኩ ድረስ እንዳይሄድ። “ያዘገየኛል” ብላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። እዚያው ሰጋቱራ ለብሶ ቀረ።

“የኤዶም እናት፣ ማሽኑን አጥፍተሽዋል?” አለ ሉቃስ ከደጃፉ፣ በልጃቸው ስም ጠርቷት።

“ራሱ ጠፍቶ የለ? ምኑን ላጥፋው?”

ጎንበስ አለች። በአንድ እጇ ጣውላውን ይዛ፣ በሌላው በዲስኩ ጥርሶች ዙሪያ የተጠቀጠቀውን ሰጋቱራ በጣቷ ትጭር ጀመር።

ሉቃስ ከበርጩማው ተነሳ። አምስት ወር ያላለፈውን ደጃፍ አልፎ ገባና በግራ እጁ የማሽኑን ሶኬት ከግድግዳው ነቀለው።

“ማን ግባ አለህ! ስንት ጊዜ ነው የምነግ—”

አምፖሉ ቦግ አለ። ከጀርባ ያለው የወፍጮ ቤት ሞተር ተነስቶ ግድግዳውን አንቀጠቀጠው። ማሽኑ ብቻ ድምፅ አላሰማም። የገለቴ ጣቶች አሁንም ጥርሶቹ ላይ ነበሩ።

ቀስ ብላ ሰበሰበቻቸው። ማብሪያውን አየችው፤ በርቶ እንደቀረ ነው። ከሉቃስ እጅ የተንጠለጠለውን ገመድ አየችው።

“ያ ዋቀዮ” አለች።

አብዱረዛቅም “አላህ!” ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

“እንዲህ ነው የመጣብህ?” አለችው ባሏን።

“እንዲህ ነው።”

“ታዲያ ለምን ደግመህ አልነገርከኝም?”

“ላንቺ ማን ይደግምልሻል?”

ጠጋ አለችው። ቀኝ እጁን ይዛ እንደቆመች ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። አብዱረዛቅ ወደ ውጭ ዞር አለላቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ጉሮሮውን ጠራረገ።

“ኦቦ ሉቃስ፣ መብራቱ ተመልሶ ሳይሄድ...”

“ትንሽ ታገሥ አብዱ፤ በርህ የትም አይሄድ” አለች ገለቴ።

“የትማ ይሄዳል፣ ወድቆ!”

ሦስቱም ሳቁ። ገለቴ ማብሪያውን አጠፋች። ጣውላውን መልሳ አወጣችው፤ መግፊያውን ከምስማሩ አውርዳ በቀሚሷ ጠረገችው። ከዚያ ወጣችና የሉቃስን በርጩማ አምጥታ ከሶኬቱ ሥር አስቀመጠችው።

“ና ተቀመጥ። ሰካ ስልህ ትሰካለህ፣ መብራት ሲሄድ ትነቅላለህ። እዚህ ነው ቦታህ።”

ሉቃስ ተቀመጠ። ሶኬቱን በግራ እጁ ይዞ ቀና ብሎ አያት።

“ማብሪያው ጠፍቷል?”

“ጠፍቷል አልኩህ።”

“እስቲ ድገሚና እዪው።”

አብዱረዛቅ አሁን ጠብ መጣ ብሎ ወደ ደጃፉ ፈቀቅ አለ። ገለቴ ባሏን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያም መግፊያውን እንደያዘች ጎንበስ አለችና ማብሪያውን ደግማ አየችው።

“ጠፍቷል” አለችው። “ሰካው።”