የኑርጃን ቤት ፎቶ ሲነሳ

ጎረቤቴ ኑርጃን ቤቷን ልትሸጥ መሆኑን የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው። ከሌላ ሰው ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ዓመቱን ሙሉ እንኮራረፍ ነበር። ባለፈው ክረምት ጓሮዋ ውስጥ ጭቃው አዳልጧት ወድቃ ወገቧን ታማ ሰነበተች። ልጇ አብዱልጀሊል ደሴ ነው የሚኖረው፤ የኮንዶሚኒየም ቤት አለው፤ ጥሩ ልጅ ነው፤ ግማሹን እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጣ። እናቴ መካነ ሰላም ብቻዋን አትቀመጥም፣ ቤቱ ይሸጥና እኔ ጋ ትግባ ብሎ ድርቅ አለ። እሷም እሺ አለችው። ኑርጃን ልጇን እምቢ ማለት ሲያቅታት «አላህ ያውቃል» ትላለች። ያን ሰሞን ይህን ስትል ነው የከረመችው፣ እኔም ሆዷ ምን እንደሚል አላጣሁትም።

ድሮ ቢሆን ገዢው ራሱ መጥቶ ግድግዳውን አንኳኩቶ፣ ጣሪያውን አንጋጦ አይቶ ይሄድ ነበር። ዛሬ ቤት የሚሸጠው በቴሌግራም ነው። አብዱልጀሊል፣ እኛ አብዱ የምንለው፣ ሰዲቅ የሚባለውን ደላላ አነጋገረ፤ ከአጅባር እስከ ከላላ ቤት የሚያሻሽጠው እሱ ነው። ሰዲቅም ሐሙስ ጠዋት መጥቶ ፎቶ እንደሚያነሳና ቤቱ ቀድሞ መሰናዳት እንዳለበት በስልክ ነገረን። ያለው ዕቃ ይውጣ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ቤቱ ለዓይን ይሙላ አለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ስለነበርኩ ሥራው እኔው ላይ ወደቀ።

ደስ አላለኝም። ፎቶው ካማረ ኑርጃን ትሄዳለች። እሷ ከሄደች ደግሞ ጠዋት ተነስቼ በአጥር በኩል የምጣራው ሰው የለኝም። ካላማረ ግን ቤቷ በየሰዉ ስልክ ላይ አስቀያሚ ሆኖ ሊታይ ነው፤ ያ ደግሞ እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም። ስብሰለሰል ውዬ፣ መሄዷ ካልቀረ በክብሯ ትሂድ ብዬ መቀነቴን አጥብቄ ተነሳሁ።

ረቡዕ ያላትን ሁሉ ወደ እኔ ቤት አጋዝኩት። የእህሉ ጆንያ፣ አልጋዋ፣ ሳጥኗ፣ ክዳን የጠፋባቸው ድስቶቿ፣ አብዱ ልጅ ሆኖ ይቀመጥበት የነበረው በርጩማ ሳይቀር ወጣ። እሷ በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን በዓይኗ ትሸኛለች። ግድግዳውን በነጭ ቀለም አስቀባን፣ ወለሉን አጠብን። ስንጨርስ ቤቱ ባዶ ሆኖ ድምፃችን ያስተጋባ ጀመር። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፈይዛ ገብታ ዞር ዞር ብላ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። የተዘረፈ ቤት ነው የሚመስለው አለች። እኔም የታየኝ ይኸው ነበር።

እኛ ሰፈር ቤትን ለሰው ዓይን ለማሰናዳት ያለው አንድ መንገድ ነው። ሰርግ ሲሆን፣ ክርስትና ሲነሳ፣ ከሐጅ የተመለሰ ሲኖር፣ ከየቤቱ ደህና ደህናው ዕቃ ይወጣና ባለጉዳዩ ቤት ይገባል። እንግዳው የማን ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጠ አይጠይቅም፣ ባለቤቱም አይናገርም። ሰዲቅ ዕቃ ይውጣ ሲል፣ አሮጌው ይውጣና ደህናው ይግባ ያለ መሰለን። ሌላ ምን ይመስለናል?

ሐሙስ ማለዳ ፈይዛ እህቷ ከሳውዲ የላከችላትን ምንጣፍ ተሸክማ መጣች፤ ባሏን እንኳ አታስረግጠውም። አልታየች፣ የኑርጃን የጀርባ ጎረቤት፣ ሶፋዋን አሸክማ አስገባች፤ ልብሱ ላይ በእጇ የጠለፈችው መስቀል አለበት። እኔ አልታየችን ይህስ ይቅር፣ የእስላም ቤት ነው ብላት ኑርጃን ራሷ ልብሱን ተቀብላ ዘርግታ አስተካከለችው። ቁርአን የሚያስቀሩት ሼህ መሐሙድ የግድግዳ ሰዓታቸውን ከነሚስማሩ ላኩ። ጡረተኛው መምህር አቶ አለምነው መጻሕፍታቸውን ከነመደርደሪያው አምጥተው በረድፍ በረድፉ አሰለፏቸው፤ ኑርጃን ማንበብ እንደማትችል ማንም አላነሳም። እኔ ለፋሲካ ብቻ የማወጣውን መጋረጃ ሰቀልኩ። ከሱቅ ፍሪጅ ሳይቀር መጣ፤ ማስቀመጫ አጥቶ መሀል ቤት ተገተረ።

ሰዲቅ ደረሰና በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ይህ ሁሉ ምንድን ነው፣ ገዢው ማየት የሚፈልገው ቤቱን ነው እኮ፣ ግድግዳው የት ሄደ አለ። ያ ሁሉ ቀለም ከመጻሕፍቱና ከመጋረጃው ኋላ ተደብቆ ቀርቷል። በትሕትና ነው የተናገረው፣ እኔ ግን ነደደኝ። የኑርጃን ቤት ሰው እንደሌለው ሰው ቤት ባዶውን አይታይም አልኩት። ክርክሩ እንደማያዋጣው ገብቶት እያጉረመረመ ማንሳት ጀመረ። ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ፍሪጁ ይገፋዋል፤ ወደ ፊት ሲል ፈይዛ ጫማህን አውልቅ ትለዋለች።

ሲጨርስ እንድታየው ብሎ ስልኩን ለኑርጃን ሰጣት። እሷም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ፎቶውን በጣቷ እየነካች ይሄ የፈይዛ፣ ይሄ የአልታየች፣ ይሄ የሼሁ እያለች ትጠራ ጀመር። የኔን መጋረጃ ሁለት ጊዜ ጠራችው። መጨረሻ ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

«አሰጋሽ፣ የእኔ የቱ ነው?»

ደነገጥኩ። እውነቷን ነው፣ አንድም የለም። እናክብራት ብለን እሷኑ ከቤቷ አስወጥተናታል። ይቅር በይኝ፣ አሁኑኑ ያንቺን እመልሳለሁ ልላት አፌን ስከፍት፣ እሷ ግን አልተከፋችም። እየሳቀች ነበር፣ እንባዋም ይወርዳል። ለአብዱ ደውዪልኝ አለችኝ።

ደወልኩና ሁላችን እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ሰዲቅ መጣ ወይ፣ ፎቶው እንዴት ሆነ ብሎ አብዱ ጠየቀ። በጣም አምሯል፣ እንደዚህ አምሮም አያውቅ አለችው። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አብዱዬ፣ እስቲ ያንተንም ቤት ፎቶ አንሳና ላክልኝ።»

ምን ያደርግልሻል እማ፣ ታውቂው የለም እንዴ አላት።

«ልየው። ውስጡ አንድ የጎረቤት ዕቃ ካለበት እመጣለሁ።»

የአብዱ ድምፅ ቀጥኖ መጣ።

«እማ፣ በር ለበር የምንተያየውን ሰውዬ ስሙን እንኳ አላውቀውም።»

«እንግዲያ ልጄ፣ ብቻህን ያለኸው አንተ ነህ» አለችው። «እኔ አይደለሁም።»

እሺ እማ አላት። ከዚያ የፊታችን ሐሙስ መጥቶ ጁምዓን እዚህ እንደሚሰግድ ነገራት፤ እሷም ምን ሠርታ እንደምትጠብቀው ጠየቀችው። እኔ ማልቀሴን ማንም እንዳያይ መጋረጃውን የማቃና መስዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሰዲቅ ሥራው እንደቀረበት ገብቶታል። ደህና ልጅ ነው፤ ቅር ሳይለው ፎቶዎቹን ላጥፋቸው ወይ ብሎ ኑርጃንን ጠየቃት። እንዳያጠፋቸው፣ ሁሉንም ለአብዱ እንዲልክለት ነገረችው።